የስካፎልዲንግ ቱቦ ከምን ብረት እንደተሠራ የመለያ ዝርዝር መመሪያ

ሜክሲኮና ሰንጋ ተራ ላይ ፎቅ ሲወጣ ወይም ፒያሳ ላይ የአሮጌ ሕንፃ ፊት ሲታደስ የሚቆመው መወጣጫ (ስካፎልዲንግ) ከመንገዱ ማዶ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ ብርማ፣ ክብ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ቱቦ። ቀረብ ብሎ ለፈተሸው ግን በአንድ መወጣጫ ላይ ትክክለኛ የስካፎልዲንግ ቱቦ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የአልጋና የወንበር መሥሪያ ስስ ቱቦ፣ አልፎ አልፎም አልሙኒየም ተደባልቆ ሊያገኝ ይችላል። ሻጭ ወይም አከራይ «ስካፎልዲንግ ነው» ሲላችሁ የነገራችሁ ቅርጹን እንጂ ብረቱን አይደለም።

ከሥራው በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ብረቱን ብቻውን የሚለይ ፈተና የለም። ማግኔት አልሙኒየምን ያጋልጣል፣ ስስ ብረትን ግን ያሳልፋል። ሚዛን ስስ ብረትን ያጋልጣል፣ ነገር ግን ስስ ብረትና አልሙኒየም ሚዛን ላይ እኩል የሚወጡበት ጊዜ አለ። የእሳት ፍንጣሪ የብረቱን ዓይነት ይነግራል፣ ጥንካሬውን ግን በእርግጠኝነት አይናገርም። ስለዚህ ፈተናዎቹ ከታች በተቀመጡበት ተራ ይሠሩ፤ እያንዳንዱ የፊተኛው የተወውን ይይዛል።

ገበያ ላይ የሚገኙት

በብዛት የሚገኘው ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ብረት ነው። ኢኤን 39 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የሚጠይቀው 48.3 ሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትር፣ 3.2 ወይም 4.0 ሚሊ ሜትር የግድግዳ ውፍረት ነው። የብረቱ ዪልድ፣ ማለትም ከተሳበ በኋላ ወደ ቦታው የማይመለስበት ጉልበት፣ ቢያንስ 235 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከቻይና የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በ48.3 በ3.6 ልክ፣ ኪው 235 ከሚባል ብረት የተሠራ ነው። ሪንግሎክ የሚባለው፣ ቋሚው ላይ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ያለው ክብ ዲስክ የተበየደበት ስካፎልዲንግ፣ ቋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጠንከር ካለ ብረት ይሠራሉ። ዪልዱ 345 ወይም 355 ይደርሳል።

ቀጥሎ የውሃ ቧንቧ አለ፤ ትልቁ ግራ መጋባት የሚመጣውም ከእሱ ነው። «ባለ አንድ ተኩል ኢንች» የሚባለው የውሃ ቧንቧ ከውጭ ሲለካ አንድ ተኩል ኢንች አይደለም፤ ልክ 48.3 ሚሊ ሜትር ነው። መካከለኛ የሚባለው ዓይነት ውፍረቱም 3.2 ነው። በካሊፐርም (ዲያሜትርና ውፍረት በሚለካው መሣሪያ) በሚዛንም ከስካፎልዲንግ ቱቦ ጋር አንድ ነው። የብረቱ ዪልድ ግን 195 ላይ ሊቆም ይችላል፤ ከ235 ጋር ሲተያይ በ17 በመቶ ያነሰ። የተሠራው ውሃ እንዳያፈስ እንጂ ሰውና የሞርታር ባልዲ እንዲሸከም አይደለም።

ሦስተኛው የቤት ዕቃና የአጥር መሥሪያ ቱቦ ነው። ውፍረቱ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብር ቀለም ከተቀባና ጫፉ በፕላስቲክ ከተደፈነ ዓይንን በቀላሉ ያታልላል።

አልሙኒየም የሚገኘው ከውጭ በመጡ ጎማ ባላቸው ተንቀሳቃሽ ማማዎች ላይ ነው። የእነዚህ ማማዎች ቱቦ ብዙ ጊዜ 50.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ካሊፐር ወዲያው ይለየዋል። በክላምፕ (ቱቦን ከቱቦ በሚያያይዝ ባለብሎን ማሰሪያ) ለሚገጠም መወጣጫ የሚሠራው አልሙኒየም ግን እሱም 48.3 ነው፤ ውፍረቱ 4.0 ወይም 4.47፣ ቅይጡም አብዛኛውን ጊዜ 6082 በቲ 6 ሙቀት የጠነከረ ነው። ስቴንለስ ስቲል በምግብና በኬሚካል ፋብሪካ ካልሆነ በቀር መወጣጫ ላይ ስለማይገኝ ብዙ አናቆይበትም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ማግኔት (ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል)፣ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ሜትር፣ ካሊፐር፣ ሞረድ፣ የብረት ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቲነርና ነጭ ጨርቅ፣ አዲስ ዲስክ የገባለት ግራይንደር፣ መነጽርና ጓንት። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ምንነቱ በወረቀት ከተረጋገጠ ቱቦ የተቆረጠ 30 ሴንቲ ሜትር ናሙና ነው። ለፍንጣሪም ለድምፅም ለሞረድም ማወዳደሪያ ይሆናል። ናሙና የሌለው ሰው የእሳት ፍንጣሪ አይቶ «ይህ ጥሩ ብረት ነው» ቢል ግምቱን ነው የተናገረው።

አንደኛ፦ አጽዱና አንብቡ

የደረቀ ሲሚንቶና ዝገት በብረት ብሩሽ ይጠረግ፤ አለዚያ ክብደቱም ውፍረቱም ይዋሻል። ከዚያ ቱቦውን ከብርሃን ጋር አግድማችሁ፣ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ፣ ከዳር እስከ ዳር የተወጋ ጽሑፍ ፈልጉ። በኢኤን 39 የተሠራ ቱቦ ምልክቱ በብረቱ ላይ ተጫኖ የገባ ነው፤ በየ1.5 ሜትሩ ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ይደጋገማል። የደረጃውን ቁጥር፣ የአምራቹን መለያና የውፍረቱን ዓይነት (3 ወይም 4) ይይዛል። ተለጣፊ ወረቀት ወይም በቀለም የተጻፈ ቁጥር የዚህ ምትክ አይሆንም፤ በቲነር የሚጠፋ ነገር ነው።

ጫፎቹንም እዩ። ጥርስ የወጣለት ወይም ጥርሱ ተቆርጦ የቀረ ጫፍ የውሃ ቧንቧ ነው። አንደኛው ጫፉ አጠገብ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ቀዳዳዎች ካሉት ከተበተነ የሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) መደገፊያ የወጣ የውስጥ ቱቦ ነው። የፒን ቀዳዳ በተበሳበት ቦታ ቱቦው የደከመ ስለሆነ ብረቱ ምንም ቢሆን ለመወጣጫ አይሆንም፤ ፈተናውን እዚያው አቁሙት።

በባትሪ ውስጡን አብሩ። በርዝመቱ የሚሄድ የብየዳ መስመር ይታያል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ አብዛኛው ቱቦ የሚሠራው ላሜራ ተጠቅልሎ በመበየድ ነው። ጉድለት የሚሆነው መስመሩ ከተሰነጠቀ፣ ከተቋረጠ ወይም ዳሩ ከዳሩ ከፍና ዝቅ ካለ ነው። ውስጡ የተደፈነ ኮንክሪት ካለም ከመመዘን በፊት ይውጣ።

ሁለተኛ፦ ማግኔት

ማግኔቱን በሦስት ቦታ፣ ሁለቱ ጫፍና መሃል ላይ አስጠጉ። ጠንክሮ ከያዘ ካርቦን ብረት ነው። ዚንክ የተነከረ ቢሆንም ይይዛል፤ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ብረት አይሸፍንም። ሦስት ቦታ የምንለው ሁለት የተለያዩ ቱቦዎች ተበይደው አንድ የሆኑበት ዕቃ ስለሚያጋጥም ነው።

ካልያዘ ወይ አልሙኒየም ነው ወይ ስቴንለስ። እነዚህን ለመለየት ክብደት ይበቃል፤ ስቴንለስ እንደ ብረት ከባድ ነው። ሚዛን በእጅ ካልኖረ ከቱቦው ጠበብ ያለች ጠንካራ ትንሽ ማግኔት ቱቦውን አቁሞ በውስጡ መልቀቅ ነው። በአልሙኒየም ውስጥ ማግኔቷ እየዘገየች ትወርዳለች፤ በስቴንለስ ውስጥ ግን ምንም እንዳልያዛት ትወድቃለች። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ማግኔቷ ስትወርድ በግድግዳው ውስጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ዙረት ወደኋላ ይጎትታታል።

ማግኔት ደካማ ሆኖ ከያዘ ቀለሙ ወይም ዝገቱ ወፍራም ነው፤ አንድ ቦታ ጠርጋችሁ ድገሙት።

ሦስተኛ፦ ሚዛን

ከሁሉም ብዙ የሚናገረው ይህ ነው፤ ገበያ ላይ ግን የሚዘለለውም ይኸው ነው። ቱቦውን በመሃሉ በገመድ አስራችሁ በተንጠልጣይ ሚዛን መዝኑ፣ ርዝመቱን በሜትር ለኩ፣ ኪሎውን ለርዝመቱ አካፍሉ። ርዝመቱን ሳይለኩ «6 ሜትር ነው» ማለት ስህተት ነው፤ 5.8 የሆነ ቱቦ ብዙ ነው።

ለ48.3 ሚሊ ሜትር ባዶ (ዚንክ ያልተነከረ) ቱቦ የሚጠበቀው ክብደት ይህ ነው፦

ብረት 4.0 ሚ.ሜ፦ በሜትር 4.37 ኪሎ፣ ባለ 6 ሜትሩ 26.2 ኪሎ
ብረት 3.6 ሚ.ሜ፦ በሜትር 3.97 ኪሎ፣ ባለ 6 ሜትሩ 23.8 ኪሎ
ብረት 3.2 ሚ.ሜ፦ በሜትር 3.56 ኪሎ፣ ባለ 6 ሜትሩ 21.4 ኪሎ
ብረት 2.5 ሚ.ሜ፦ በሜትር 2.82 ኪሎ፣ ባለ 6 ሜትሩ 16.9 ኪሎ
ብረት 2.0 ሚ.ሜ፦ በሜትር 2.28 ኪሎ፣ ባለ 6 ሜትሩ 13.7 ኪሎ
ብረት 1.5 ሚ.ሜ፦ በሜትር 1.73 ኪሎ፣ ባለ 6 ሜትሩ 10.4 ኪሎ
አልሙኒየም 4.47 ሚ.ሜ፦ በሜትር 1.67 ኪሎ፣ ባለ 6 ሜትሩ 10 ኪሎ
አልሙኒየም 4.0 ሚ.ሜ፦ በሜትር 1.5 ኪሎ፣ ባለ 6 ሜትሩ 9 ኪሎ

የ1.5 ሚሊ ሜትር ብረትና የ4.47 አልሙኒየም የሚለያዩት በ400 ግራም ብቻ ነው። በትከሻ ተሸክሞ «ቀላል ነው፣ አልሙኒየም ነው» የሚል ሰው የአጥር ቱቦ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ማግኔትን ከሚዛን ያስቀደምነውም ለዚህ ነው።

ለሌላ ልክ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከውጭ ዲያሜትር ላይ ውፍረቱን ቀንሱ፣ ውጤቱን በውፍረቱ አባዙ፣ ከዚያ ለብረት በ0.02466፣ ለአልሙኒየም በ0.0085 አባዙ። በሜትር ስንት ኪሎ እንደሚሆን ይወጣል። ልኮቹ በሚሊ ሜትር ይሁኑ።

በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ቱቦ ከውስጥም ከውጭም ስለሚለብስ ወደ 4 በመቶ ይከብዳል። ስለዚህ 3.2 የሆነ ዚንክ የለበሰ ባለ 6 ሜትር ቱቦ 22 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ትክክል ነው፤ 21 ቢመዝን ግን ብረቱ ከ3.2 ቀንሷል ማለት ነው።

ጭነት ስትረከቡ አንድ በአንድ መመዘን ካልተቻለ የመኪና ሚዛን ተጠቀሙ። 200 ባለ 6 ሜትር ቱቦ 3.2 ከሆነ ወደ 4,280 ኪሎ ይሆናል፤ 2.5 ከሆነ 3,380። የ900 ኪሎ ልዩነት በክርክር የሚሸፈን አይደለም። ሆኖም የጠቅላላ ሚዛን አማካይ ብቻ ነው፤ ከወፍራሙ ጋር የተቀላቀለውን ስስ አያሳይም። ስለዚህ ከየጥቅሉ መሃል፣ ከላይ የተደረደረውን ትታችሁ፣ ከ100 ቱቦ ቢያንስ 10 እየመዘዛችሁ ለየብቻ መዝኑ።

የውፍረት ጉዳይ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከ3.2 ወደ 2.0 የወረደ ቱቦ 36 በመቶ ብረቱን ያጣል፣ ለመጉበጥ ያለው መቋቋምም በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ቋሚ ደግሞ የሚሰበረው ተጨፍልቆ ሳይሆን ጎብጦ ነው።

አራተኛ፦ ካሊፐር

ዲያሜትሩን በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ፣ በተሻጋሪ አቅጣጫ ለኩ። ከ48.3 በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢለይ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ ቱቦው ተጨፍልቋል ወይ ሌላ ልክ ነው። 42.4 ካነበባችሁ ባለ አንድ ከሩብ ኢንች ቧንቧ፣ 60.3 ካነበባችሁ ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧ ወይም የመደገፊያ ውጫዊ ቱቦ ነው። በ42.4 ላይ የ48.3 ክላምፕ አስራችሁ «ጠብቋል» አትበሉ፤ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ቢዞርም ክላምፑ ቱቦውን ዙሪያውን አይነክስም።

ውፍረት ሲለካ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቱቦ መቁረጫ ጎማ የተቆረጠ ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ እዚያ ላይ ካሊፐር 4 ቢያነብ ግድግዳው 2.5 ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የታጠፈውን ጠርዝ በሞረድ አውጡ፣ የካሊፐሩን መንገጭላ ጠለቅ አድርጉ፣ በአራት ቦታ ዙሪያውን ለኩ፣ የብየዳው መስመር ላይ ግን አትለኩ። ከአራቱ ትንሹን መዝግቡ እንጂ አማካዩን አይደለም። 3.2 ሲባል እስከ 10 በመቶ መጉደል በደረጃው ይፈቀዳል፤ ከ2.9 በታች ያነበበ ግን 3.2 ተብሎ አይሸጥም።

ካሊፐርና ሚዛን የማይስማሙበት ጊዜ አለ። ጫፉ 3.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ክብደቱ ግን የ2.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ክብደት ከሆነ ወይ ጫፉ ላይ ሌላ ቱቦ ተበይዷል ወይ መሃሉ ከውስጥ ተበልቷል። ያረጀ ቱቦ ክረምቱን በሙሉ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ውሃ ከተኛበት የሚበላው ከሆዱ ነው፤ ከውጭ ቀለሙ ይዞ ይታያል። መሃሉን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ፤ ድምፁ ከጥርት ወደ ድፍን የሚለወጥበት ቦታ ተበልቷል። ድምፅ ለዚህ ይረዳል፣ የብረት ዓይነት ለመለየት ግን አትመኑት፤ ርዝመቱም፣ የያዛችሁበት ቦታም፣ ውስጡ የቀረ ሲሚንቶም ይለውጠዋል።

አምስተኛ፦ ብርማው ነገር ዚንክ ነው ወይስ ቀለም?

ነጭ ጨርቅ በቲነር ነክራችሁ ለግማሽ ደቂቃ እሹ። ጨርቁ ብርማ ከሆነ የአልሙኒየም ቀለም ነው፤ ከሥሩ ማንኛውም ብረት ሊኖር ይችላል። ጨርቁ ቆሻሻ ብቻ ካነሳ ዚንክ ወይም ራሱ አልሙኒየም ነው፤ ማግኔቱ ቀድሞ መልሶታል።

ዚንክም ሦስት ዓይነት ነው። በቀለጠ ዚንክ የተነከረው ከተሠራ በኋላ ስለሚጠልቅ ውስጡም ለብሷል። ላዩ ላይ ጠብ ብሎ የደረቀ ነጠብጣብ፣ አንዳንዴም የአበባ የሚመስል ክሪስታል ይታያል። ግድግዳው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ብረት የሽፋኑ አማካይ ውፍረት 70 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው። ቀድሞ ዚንክ ከለበሰ ላሜራ የተጠቀለለው ለስላሳና እኩል ነው፤ የብየዳ መስመሩ ላይ ዚንኩ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ ከውጭ በተረጨ ዚንክ የተሸፈነ ቀጭን ጭረት ይሄዳል፣ ከውስጥ ግን መስመሩ ጥቁር ወይም ዝገት ሆኖ ይቀራል። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን 20 ማይክሮን ገደማ ነው። በኤሌክትሪክ የተለበጠው ደግሞ አብለጭላጭና ሰማያዊ ጥላ ያለው ሆኖ ውስጡ እርቃን ነው፤ በአዲስ አበባ ዝናብ ብዙ አይቆይም።

ልዩነቱ ለመለያም ይጠቅማል። ወፍራም ግድግዳ ያለው የስካፎልዲንግ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ በመንከር ነው ዚንክ የሚለብሰው። ከዚንክ ላሜራ የተጠቀለለ ሆኖ ካገኛችሁት የአጥር ወይም የግሪን ሃውስ ቱቦ ሊሆን ስለሚችል ውፍረቱን ሁለት ጊዜ ለኩ።

ዚንክ ላይ የሚታይ ነጭ ዱቄት እርጥብ ሆኖ ከመደርደር የመጣ ነው፤ በብሩሽ ይነሳል። ቀይ ከሆነ ዚንኩ አልቆ ብረቱ መበላት ጀምሯል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚነሳ ዝገት ከሆነ ክርክር አያስፈልግም፤ ይጣላል።

ስድስተኛ፦ ሞረድና ፍንጣሪ

ሞረድ በጫፉ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ሳቡ። አልሙኒየም በቀላሉ ይለቃል፣ ፍቅፋቂው ነጭ ሆኖ የሞረዱን ጥርስ ይሞላል። ዝቅተኛ ካርቦን ብረት ይፋቃል ግን ይታገላል። ሞረዱ የሚንሸራተትበት ብረት ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ ማለት ግን ለመወጣጫ ጥሩ ማለት አይደለም፣ ሳይጎብጥ የሚሰበር ሊሆን ይችላል።

ፍንጣሪው በጥላ ቦታ፣ በጫፉ ላይ ብቻ፣ ከናሙናው ጋር ጎን ለጎን በአንድ ዓይነት ጫና ይሞከር። ዚንክ የለበሰ ከሆነ ጭሱን አትተንፍሱ፤ የዚንክ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። መጀመሪያ በሞረድ ዚንኩን አንሱ፣ ነፋስ ባለበት ቁሙ። ከዚያ የምታዩት፦

ዝቅተኛ ካርቦን ብረት ረጅም፣ ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ መስመር ያወጣል፤ መጨረሻው ላይ ጥቂት ቅርንጫፍ አለው። ካርቦኑ በጨመረ ቁጥር መስመሩ ያጥራል፣ የሚፈነዱት ኮከቦች ይበዛሉ። ስቴንለስ አጭርና ብርቱካናማ፣ ኮከብ የሌለው ነው። ጉሺ ብረት (ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የሚፈሰው፣ ካስት አይረን) አጭርና ደብዛዛ ቀይ ነው። አልሙኒየም ምንም ፍንጣሪ አይሰጥም።

አልሙኒየም የነካ ዲስክ ብረት ላይ አይመለስ፤ ዲስኩ ይደፈናል፣ የአልሙኒየም ብናኝና የብረት ዝገት ሲጋጩም የሚቀጣጠል ፍንጣሪ ይፈጥራሉ። መርካቶ ውስጥ ቀለምና ቲነር ከተደረደረበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ይህን ፈተና አታድርጉ። ሻጩ ግራይንደር ካልፈቀደ አትጣሉ፤ የቀሩት ፈተናዎች ለግዢ ውሳኔ ይበቃሉ።

ሰባተኛ፦ ጥንካሬው

195ን ከ235፣ 235ን ከ355 በዓይን፣ በማግኔት፣ በሚዛን ወይም በፍንጣሪ መለየት አይቻልም። ሁሉም ዝቅተኛ ካርቦን ብረት ናቸው፣ ክብደታቸውም አንድ ነው። እዚህ ላይ መንገዱ ሁለት ነው።

አንደኛው ወረቀት ነው፤ ከፋብሪካው የሚመጣው የፈተና ሰርተፊኬት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የቅልጥ ቁጥር (ብረቱ አብሮ የቀለጠበት ዙር መለያ) ጥቅሉ ላይ ከተንጠለጠለው መለያ ጋር መግጠም አለበት። የማይገጥም ሰርተፊኬት የሌላ ብረት ሰርተፊኬት ነው። ኪሎው፣ ልኩና ጠቅላላ ብዛቱም ከደረሳችሁ ጭነት ጋር ይተያይ።

ሁለተኛው ቆርጦ ማስፈተን ነው። ፌሮ ጎትተው የሚፈትኑ ላቦራቶሪዎች ከቱቦ የተቆረጠ ናሙናም መፈተን ይችላሉ፤ አምስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (የቀድሞው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) የቁሳቁስ ላቦራቶሪ አንዱ ነው። ከመሄድ በፊት ማሽናቸው የሚይዘውን የናሙና ርዝመትና ቅርጽ ጠይቁ፤ ቱቦው በሙሉ ይጎተት ወይስ ከግድግዳው ቁራጭ ይወጣለት የሚለው በእሱ ይወሰናል። ውጤቱ ላይ ዪልዱን ብቻ ሳይሆን እስኪበጠስ በስንት በመቶ እንደረዘመም እዩ።

ላቦራቶሪ ለማይደርስ ትንሽ ግዢ ቢያንስ ብየዳውን ፈትኑ። 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ቆርጣችሁ፣ የብየዳ መስመሩን ወደ ጎን አድርጋችሁ፣ በሞርሳ ቀስ በቀስ ጨፍልቁት። ቁመቱ ከ48 ወደ 36 ሚሊ ሜትር ሳይወርድ ብየዳው ከተሰነጠቀ ጥቅሉን በሙሉ መልሱ።

ክላምፑም ብረት ነው

ቱቦውን መርምሮ ክላምፑን በኪሎ መግዛት የተለመደ ነው፤ አደጋው ግን መጋጠሚያው ላይ ነው የሚጀምረው። በመዶሻ ፕሬስ የተቀጠቀጠ ክላምፕ ላዩ ለስላሳ ሆኖ ዙሪያውን ሰፋ ያለ የተከረከመ መስመር አለው። ከላሜራ የተጨመቀው ውፍረቱ በሁሉም ቦታ እኩል ነው፣ ማጠፊያው ይታያል። ከጉሺ ብረት የፈሰሰው ላዩ እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ መስመሩም ቀጭን ነው። ተራ ጉሺ ብረት ሲጠብቅ ወይም ከፎቅ ሲወድቅ ሳይታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከብሎኑ ማጠፊያ ሥር ነው፣ በቲነር አጽድታችሁ በባትሪ እዩት። የአውሮፓው ደረጃ ክላምፖች በ50 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ 25 ሴንቲ ሜትር እጀታ ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ የ20 ኪሎ ጫና ማለት ነው። በቱቦ የተረዘመ ቁልፍ ላይ ሁለት ሰው መንጠልጠል ብሎኑን ያበላሻል፣ አልሙኒየም ቱቦ ከሆነም ይሰረጉደዋል።

ከተለየ በኋላ

አልሙኒየምና ብረት በአንድ መወጣጫ ላይ በክላምፕ አታደባልቁ። አልሙኒየም በተመሳሳይ ጭነት ከብረት ሦስት እጥፍ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ጭነቱ ወደ ብረቱ ይሸሻል፣ ያልታሰበበት ቋሚ ተሸካሚ ይሆናል። በተጨማሪ እርጥብ ሲሚንቶና ኖራ አልሙኒየምን ይበላሉ፤ ለልስን ሥራ ከተጠቀማችሁበት በየቀኑ ማታ ይታጠብ። የተሰበረ አልሙኒየም ቱቦም አይበየድ፤ 6082 በተበየደበት ዙሪያ ጥንካሬውን በግማሽ ገደማ ያጣል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይበትም።

ለየብቻ ደርድሩና በሁለቱም ጫፍ ላይ ዙሪያውን ቀለም ቀቡ። ለምሳሌ 4.0 አረንጓዴ፣ 3.6 እና 3.2 ቢጫ፣ አልሙኒየም ሰማያዊ፤ የቀለሙ ምርጫ የእናንተ ነው፣ ግን ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ማወቅ አለበት። ብረቱ ምን እንደሆነ ሳይረጋገጥ የቀረ ቱቦ ለቋሚ አይሁን፤ ለጎን መከላከያም ቢሆን ውፍረቱ ከተለካ በኋላ ይሁን።

የወደቀውን ለቁራሌው ስትሸጡ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርዝመት ቆርጣችሁ ስጡ። በሙሉ ርዝመቱ የወጣ ቱቦ ምናለሽ ተራ ደርሶ፣ ብር ቀለም ተቀብቶ፣ ስካፎልዲንግ ተብሎ ሊሸጥላችሁ ይችላል።